«ይገባል ወንድሜ፣ አንድ ነው!» ስለ ካምቢዮ የሚነገሩ ስህተቶች

ሱዳን ውስጥ፣ ሀዋታ ላይ፣ ሱፕራ ወይም ፖርሽ የሚነዳ ሰው ፍለጋ መውጣት ከንቱ ድካም ነው። ከተማዋ ከገዳሪፍ ወደ ሰናር በሚወስደው የባቡር ሐዲድ ላይ፣ በራሃድ ወንዝ ዳር ያለች የሰሊጥና የማሽላ አገር ናት። ራሃድም ከእኛው ደጋ ሽንፋ ተብሎ ተነስቶ ነው እዚያ የሚደርሰው። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ጎማውን እስከ ወገቡ ይውጠዋል፤ ሾፌሩም አንዴ አንደኛ ማርሽ፣ አንዴ የኋላ ማርሽ እያስገባ መኪናውን እያወዛወዘ ለመውጣት ይታገላል። ካምቢዮ የሚሰበረውም፣ ፍሪሲዮን የሚቃጠለውም በዚህ ትግል መሀል ነው። የሚሽከረከረው ሂሉክስ፣ ላንድክሩዘርና ትራክተር ቢሆንም፣ የተሰበረበት ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ የስፖርት መኪና ባለቤት ከሚጠይቀው አይለይም፦ የትኛው ካምቢዮ ነው የሚገባልኝ?

መልሱ በገዳሪፍ ገበያም ሆነ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያው ነው። «ይገባል ወንድሜ፣ አንድ ነው!» ሻጩ አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አንድ የሆነው የመኪናው ስም ብቻ፣ ወይም የብረቱ መልክ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ያ ብረት ከገዳሪፍ ሀዋታ ድረስ ተጭኖ፣ መካኒኩ ከመኪናው ሥር ተንጋሎ፣ ላቡን ካፈሰሰ በኋላ «አልገባም» ሲባል ሻጩ እዚያ የለም። ካርቱም ላይ በሚያዝያ 2015 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ዕቃ መልሶ ሌላ ማስመጣት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ከመተማ ወዲህ ባለው በእኛው አገርም ጉዳዩ እየባሰ የሚሄድ ይመስለኛል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ካስታወቀ በኋላ፣ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠግኖ መንዳት የብዙ ሰው ዕጣ ሆኗል። ለአሮጌ መኪና ደግሞ ከሌላ መኪና የወጣ ካምቢዮ መፈለግ የማይቀር ነው።

ስለዚህ በጋራዥና በገበያ የሚነገሩትን አንድ በአንድ እንያቸው። ከዚህ በታች የመኪና ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«የመኪናውን ስም ንገረኝ፣ ካምቢዮውን እሰጥሃለሁ»

ከሁሉ የሚያሳስተው ይህ ነው። ቶዮታ ሱፕራን ብንወስድ፣ በ1986 በወጣው ትውልድ ውስጥ በአብዛኛው ተርቦ የሌለው ደብሊው58 የተባለ ካምቢዮ ሲይዝ ተርቦ ያለው አር154 ይዞ ወጥቷል። በ1993 የመጣው ተከታይ ትውልድ ተርቦ ለሌለው ያንኑ ደብሊው58 አስቀጠለ። ለባለ ሁለት ተርቦው ግን ጌትራግ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የሠራው ባለ ስድስት ማርሽ ቪ160 ተሰጠው። «የሱፕራ ካምቢዮ» ያለ ሰው እንግዲህ ሦስት የማይመሳሰሉ ብረቶችን በአንድ ስም ጠርቷል ማለት ነው።

ፖርሽ 911ም እንዲሁ ነው። እስከ 1986 ሞዴል የነበረው ካምቢዮ 915 ሲባል፣ በ1987 ጂ50 ተተካበት። ከውጭ ሲታይ መኪናው ያው መኪና ነው። ውስጡ ግን የፊተኛው ፍሪሲዮን በገመድ ሲሳብ የኋለኛው በዘይት ግፊት ይሠራል። የኋላ ማርሹ በፊተኛው ቀኝ ታች፣ በኋለኛው ግራ ላይ ነው። ጂ50 ከመተለቁ የተነሳ ፋብሪካው ራሱ የኋላውን የመኪና አካል፣ የሱስታ ዘንጉ የሚያልፍበትን ቱቦ ጭምር፣ አጉብጦ ቦታ ማበጀት ነበረበት። «ጠንካራውን ካምቢዮ ገዝተህ ግጠምበት፣ ይሻላል» የሚለው ምክር ይህን ሥራ አይቆጥርም። ጠንካራ ካምቢዮ ብዙውን ጊዜ ከባድም ረጅምም ነው፤ ሞተሩ ደካማ ከሆነ ደግሞ ያ ሁሉ ብረት ሸክም ብቻ ይሆናል።

ስሙ ካልሆነ ታዲያ ምን ይታመን? በቶዮታ ላይ የመጀመሪያው ምስክር ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየው ትንሽ ሳህን ነው። የሞተሩ ኮድ፣ የሻንሲው ቁጥርና የቀለሙ ኮድ ተጽፎ፣ ዝቅ ብሎ ካምቢዮውንና የኋላውን አክስል የሚገልጽ መስመር አለ። ኮዱን ማንበብ ከባድ አይደለም። ፊደሉ የቤተሰቡ ስም ነው። ቁጥሩ ሁለት አሃዝ ከሆነ የፊተኛው፣ ሦስት አሃዝ ከሆነ የመሀለኛው አሃዝ ስንት የፊት ማርሽ እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ ቲ50 ባለ አምስት ነው፣ አር154 ባለ አምስት ነው፣ ቪ160 ባለ ስድስት ነው። መጨረሻው ላይ ‹ኤፍ› ካለ፣ ለምሳሌ ላንድክሩዘር ላይ የሚገኘው ኤች55ኤፍ፣ ለአራት ጎማ ነጂ የተሠራ ነው። ይህን የሚያውቅ ገዢ ገበያ ውስጥ ቶሎ አይታለልም።

ሳህኑ ግን የሚናገረው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ብቻ ነው። አርባ ዓመት በሞላው መኪና ላይ ሞተሩም ካምቢዮውም ሁለት ሦስት ጊዜ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ሊብሬው ላይም የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ይገኛል እንጂ የካምቢዮ ነገር አይነሳም። ስለዚህ ሳህኑን አንብቦ ከሥር ገብቶ ማየት የግድ ነው።

«ዲኤክስ እና ኤኢ86 እኮ ወንድማማች ናቸው»

ይህኛው ለአዲስ አበባ ወጣት የተተወ ጨዋታ ነው፤ ግማሹ እውነት በመሆኑም ለመንቀል ያስቸግራል። ዲኤክስ የምንላት ቶዮታ ኮሮላ ኬኢ70 በ1979 የወጣው ትውልድ ናት። ሞተሯ ከፊት፣ ነጂ ጎማዋ ከኋላ ነው። ኤኢ86 የሚባለው፣ ጃፓኖች ለተራራ መንገድ የሚወዱት ስፖርት ኮሮላ በ1983 ሲመጣ፣ በወለሉና በኋላ አክስሉ አያያዝ የዚያችው የዲኤክስ ዘመድ ሆኖ ነው የመጣው። ዲኤክሷን ዝቅ አድርጎ፣ ቸርኬ ቀይሮ፣ ጭስ ማውጫዋን አሳምሮ የሚነዳ ልጅ «የኔም እኮ ስፖርት መኪና ናት» ሲል ዘሯን ቆጥሮ ነው፤ አይፈረድበትም።

ዝምድናው ግን ወለሉ ላይ ያበቃል። ዲኤክስ ብዙውን ጊዜ የያዘችው 4ኬ የተባለውን 1290 ሲሲ ሞተር ሲሆን፣ አምስት ማርሽ ካላት ካምቢዮዋ ኬ50 ነው። ኤኢ86 ደግሞ 4ኤ-ጂኢ የተባለ 1587 ሲሲ፣ ባለ 16 ቫልቭ ሞተርና ቲ50 ካምቢዮ ይዟል። ሞተሮቹ የተለያየ ቤተሰብ ስለሆኑ ካምቢዮው ከሞተሩ ጀርባ የሚታሰርበት የቡሎን ቀዳዳ አቀማመጥ አንድ አይደለም። ቲ50 ለብቻው ተገዝቶ ወደ 4ኬ ጀርባ ቢጠጋ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማገናኛ ካልተገኘ በቀር አይታሰርም።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላም አለ። በዚያው በ1980ዎቹ መሀል የተሠሩት አብዛኞቹ ኮሮላዎች የፊት ጎማ ነጂ ሆነው ነበር። የእነሱ ካምቢዮ በሞተሩ ጎን አግድም የሚተኛ፣ ዲፈረንሺያሉን በሆዱ የያዘ ሌላ ዓይነት ብረት ነው። ኤምአር2 የተባለችው ትንሽ ስፖርት መኪናማ ከኤኢ86 ጋር አንድ ሞተር፣ ያንኑ 4ኤ-ጂኢ ተካፍላለች። ሞተሯ ግን ከሾፌሩ ጀርባ በአግድም ስለተቀመጠ ካምቢዮዋ ሲ52 ነው፤ ለኤኢ86 ምንም አይፈይደውም። «ያው ሞተር፣ ያው ዓመት፣ ያው ፋብሪካ» ተብሎም ካምቢዮው ያው ላይሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

«ቡሎኑ ከገጠመ አለቀ»

አላለቀም። ቡሎን መግጠሙ ከብዙ ፈተናዎች የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ገንዘብ የሚበላውም ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው።

ካምቢዮን ከሞተር ጋር የሚያያይዘው የደወል ቅርጽ ያለው ሰፊ ሽፋን ነው። በአንዳንድ ካምቢዮ ላይ ይህ ደወል ተፈትቶ ይወጣል፣ በሌላው ከአካሉ ጋር በአንድ ላይ የተጣለ ነው። ተፈትቶ የሚወጣ ከሆነ መልካም ዜና ነው። አንዱ ካምቢዮ ደወሉ ብቻ ተቀይሮለት ለተለያዩ ሞተሮች ሊሆን ይችላል። ላንድክሩዘር ላይ ያለው ኤች55ኤፍ በዚህ መንገድ ለቤንዚኑም ለናፍጣውም ሞተር አገልግሏል፤ የሚለየው ደወሉ ነው። ኤች55ኤፍ ሲገዙ «ከየትኛው ሞተር ጀርባ የወጣ ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ካምቢዮው ደህና ሆኖ ደወሉ የሌላ ሞተር ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ ደወሉን ለብቻው ሸጦትም ሊሆን ይችላል።

ደወሉ ገጠመ እንበል። ቀጥሎ ከካምቢዮው አፍ የወጣው ዘንግ አለ። ዙሪያውን ቁመቱን ተከትሎ ጥርስ ተቀርጾበታል፤ የፍሪሲዮኑ ሸራ እምብርት በእነዚህ ጥርሶች ላይ ይንሸራተታል። የጥርሱ ብዛትና የዘንጉ ውፍረት ከሸራው ጋር እኩል ካልሆነ ነገሩ አይገባም፤ በግድ ካስገቡት ይበላሻል። አሜሪካኖች በስፖርት መኪኖቻቸው ላይ በብዛት የተጠቀሙበት ቲ5 የተባለ ካምቢዮ አለ። ፎርድ ሙስታንግ ላይ ያለው ባለ 10 ጥርስ ሲሆን ጄኔራል ሞተርስ የወሰደው በብዛት ባለ 26 ጥርስ ነው። ከውጭ የሚመሳሰሉ ሁለት ቲ5ዎች በአንድ ሸራ አይሠሩም ማለት ነው። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ውጫዊ ስፋቱ ከሞተሩ ቮላኖና ፕላታ ጋር የሚስማማ፣ እምብርቱ ደግሞ ከካምቢዮው ጥርስ ጋር የሚስማማ ሸራ መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ ይገኛል። ካምቢዮው ከመታሰሩ በፊት ሸራውን በእጅ ዘንጉ ላይ አንሸራትቶ መሞከር ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ሆኖ ሳለ የሚዘለለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ከጥርሱ ፊት የዘንጉ ቀጭን አፍንጫ አለ። እሱ በሞተሩ ክራንክሻፍት ጫፍ ባለች ትንሽ ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ይደገፋል። አፍንጫው ከረዘመ ክራንክሻፍቱን ይገፋል፣ ካጠረ ዘንጉ ያለ ድጋፍ ይንቀጠቀጣል፣ ከቀጠነ ደግሞ ኩሽኔታው ውስጥ ይላላል። ሞተሩ ከአውቶማቲክ መኪና የወጣ ከሆነ ኩሽኔታዋ ጭራሽ ላትኖር ትችላለች። ይህን ሳያዩ ካምቢዮውን አስጠግተው የቀረውን ክፍተት በቡሎን ጠምዝዘው የሚዘጉ አሉ። ካምቢዮ በእጅ ግፊት ብቻ ሞተሩን ነክቶ መቀመጥ አለበት። በቡሎን የተሳበ ካምቢዮ ወይ ሸራውን ያጣምማል፣ ወይ የአሉሚኒየሙን ጆሮ ይሰብራል፣ ወይ የሞተሩን ውስጥ ይጎዳል።

ወደ ኋላ እንሂድ። አዲሱ ካምቢዮ ከበፊቱ ከረዘመ ወደ ኋላ አክስል የሚሄደው ረጅም ዘንግ መቆረጥ፣ ካጠረ መርዘም አለበት። ተቆርጦ የተበየደ ዘንግ ሚዛኑ ካልተስተካከለ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ ደግሞ ኩሽኔታ ይጨርሳል። ካምቢዮው የሚያርፍበት ከሥር ያለው ድጋፍ ቦታውን መቀየር አለበት። የማርሽ ዱላው የሚወጣበት ቀዳዳም አለ። የሂሉክስና የሱፕራ ደብሊው ካምቢዮ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የዱላቸው ቦታ ግን አንድ አይደለም፣ ወለል ማስቆረጥ ሊመጣ ይችላል። የሞተሪኖው አቀማመጥ፣ የኪሎሜትር ቆጣሪው ገመድ የሚገባበት ማርሽ፣ የኋላ ማርሽ መብራት ማብሪያው፦ እነዚህ ትናንሾቹ ናቸው፤ የትናንሾቹ ድምር ግን አንድ ሳምንት ይበላል።

«ቁጥሩ እኮ ከላዩ ላይ ተጽፏል»

በብረቱ ላይ ጎልቶ የሚታይ ቁጥር ሁሉ የካምቢዮው ስም አይደለም። ሽፋኑ ሲጣል የሚወጣው ቁጥር የዚያ ሽፋን ቁጥር ነው፤ ያው ሽፋን በውስጡ የተለያየ ማርሽ ይዞ ለብዙ መኪና ተልኳል። በቲ5 ላይ ትክክለኛው መለያ ከኋላ ካሉት ቡሎኖች በአንዱ የተያዘች፣ 1352 ብላ የምትጀምር ቁጥር ያለባት ትንሽ የብረት ቁራጭ ናት። መካኒክ ሲፈታት ጥሎ የረሳት ከሆነ ግን መታወቂያው ጠፋ።

ጄኔራል ሞተርስ በ1960ዎቹ ኮርቬትና ካማሮ ላይ የገጠመው ሙንሲ የተባለ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ደግሞ በመግቢያ ዘንጉ ላይ በተቆረጡ ቀለበቶች ይለያል። ከ1966 ወዲህ ሁለት ቀለበት ያለው ኤም20፣ አንድ ያለው ኤም21፣ ምንም የሌለው ኤም22 ነው። ያምራል። ነገር ግን ሃምሳ ዓመት ሲፈታ ሲገጠም በኖረ ካምቢዮ ላይ ዘንጉ የሌላ ሊሆን ይችላል፤ ውድ የሆነውን ኤም22 ለመምሰል ሲባል ዘንግ የሚቀያይርም አይጠፋም።

ቁጥሩ ሲጠፋ፣ ቀለበቱም ሲዋሽ፣ የማይዋሽ አንድ ነገር ይቀራል። ዙር መቁጠር። ካምቢዮው መሬት ላይ ሳለ አንደኛ ማርሽ ይገባል። በመግቢያ ዘንጉና በመውጫው ላይ በኖራ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ መውጫው በትክክል አሥር ዙር እስኪዞር ድረስ መግቢያው እየዞረ ይቆጠራል። ቲ50 ከሆነ መግቢያው 36 ዙር ገደማ ይዞራል፣ ምክንያቱም አንደኛ ማርሹ 3.587 ለ1 ነው። ኬ50 ከሆነ 38 ገደማ ይሆናል። የሱፕራው ደብሊው58 33 ገደማ ሲሆን፣ 22አር የተባለ የቤንዚን ሞተር ባላቸው አራት ጎማ ነጂ ሂሉክሶች ላይ የሚገኘው የዚያው ቤተሰብ ደብሊው56 ወደ 40 ይጠጋል።

ሁለቱን ደብሊውዎች እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንድ ፊደል፣ አንድ ቤተሰብ፣ ሁለቱም ባለ አምስት። የሂሉክሱ አንደኛ ማርሽ ግን ሰሊጥ ጭኖ ከጭቃ ለመውጣት፣ የሱፕራው ደግሞ በቀጥታ መንገድ ላይ ቶሎ ለመብረር የተመረጠ ነው። የሱፕራው ካምቢዮ ሀዋታ ላይ ሂሉክስ ውስጥ ቢገባ ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን እያንሸራተተ ለመነሳት ይገደዳል፤ ሸራው ክረምቱን አይጨርስም። የሂሉክሱ ካምቢዮ ስፖርት መኪና ውስጥ ቢገባ ደግሞ አንደኛ ማርሽ ገና ሳይጀመር ያልቃል።

በአንድ ማርሽ ብቻ መፍረድ ግን አይበቃም። ደብሊው58 እና አር154 በአንደኛ ማርሽ እንዲህ ቢቆጠሩ ሁለቱም 33 ገደማ ይሰጣሉ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ግን ለአሥር የመውጫ ዙር አንደኛው 19 ሊሞላ ጥቂት ይጎድለዋል፣ ሌላው 19 ተኩል ያልፋል። ሃያ ወይም ሠላሳ የመውጫ ዙር ከተቆጠረ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። አራተኛው በአብዛኛው ኋላ ነጂ ካምቢዮ ላይ አንድ ለአንድ ስለሆነ መለያ አይሆንም። ኤም21 እና ኤም22ን ደግሞ ቆጥሮ መለየት አይቻልም፤ ሬሾአቸው አንድ ነው። ኤም22 ጥርሶቹ ቀና ብለው የተቆረጡ ስለሆኑ ሲሠራ ይጮኻል፤ እሱን የሚለዩት በጆሮ ወይም ሽፋኑን ከፍቶ በማየት ነው።

«አምስት ማርሽ ያለው ይፈጥናል»

አራት ማርሽ ያላት ዲኤክስ ያለው ሰው አምስት የሚመኘው በዚህ እምነት ነው። አምስተኛው ማርሽ በአብዛኛው የሚሠራው የሞተሩን ዙር መቀነስ ነው። ዲፈረንሺያሉ 4.1 ለ1 የሆነ፣ የዲኤክስ መጠን ባለ 13 ኢንች ጎማ የሚሄድ መኪና በሰዓት 80 ኪሎሜትር ሲነዳ፣ በአራተኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ገደማ ይዞራል። 0.861 በሆነ አምስተኛ ማርሽ 2600 ገደማ ይሆናል። ጩኸቱ ቀነሰ፣ ቤንዚኑም ተረፈ። መኪናው ግን ጉልበት አልጨመረም። ደካማ ሞተር ያለው መኪና የመጨረሻ ፍጥነቱን ብዙ ጊዜ የሚደርስበት በአራተኛ ነው፤ አምስተኛ ሲገባ ዳገት ላይ ይሞታል። አዲስ አበባ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 2300 ሜትር በላይ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል በስሱ አየር ምክንያት ያጣል። ከዚያ ወደ ገዳሪፍ ቆላ የወረደ ሰው «ካምቢዮው ተሻለው» ቢል ያገኘው አየር ነው።

«የቀኝ መሪ ካምቢዮ ለእኛ አይሆንም»

ከጃፓን የሚመጣው ያገለገለ ዕቃ የሚወጣው መሪያቸው በቀኝ ከሆነ መኪኖች ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኢትዮጵያ በ1964፣ ሱዳን በ1973 ወደ ቀኝ መንገድ ስለተሻገሩ ገዢው ይፈራል። ካምቢዮው ሞተሩን ተከትሎ ቁመቱን በተኛበት መኪና ላይ ፍርሃቱ ብዙ መሠረት የለውም። ማርሾቹ አንድ ናቸው፣ ዱላው ከመሀል ወለል ነው የሚወጣው፣ የማርሹም አቀማመጥ አይገለበጥም። የሚታየው የፍሪሲዮኑ ገመድ ወይም የዘይት ቱቦ የሚመጣበት ጎን፣ በአራት ጎማ ነጂ ላይ ደግሞ የሁለተኛው ዱላና የፊት ዲፈረንሺያሉ አቅጣጫ ነው።

«ማርሽ ከጮኸ ካምቢዮው ሞቷል»

ብዙ ደህና ካምቢዮ የተጣለው በዚህ ነው። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ካልለቀቀ ማርሽ ሁሉ ይጮኻል። ለመለየት ሞተሩ ተነስቶ ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠበቃል፣ የኋላ ማርሽ ይገባል። ቆይቶም ከጮኸ ዘንጉ መዞሩን አላቆመም፣ ጥፋቱ የፍሪሲዮን ነው። የኋላው በሰላም ገብቶ ሁለተኛ ብቻ ከጮኸ የዚያ ማርሽ ሲንክሮ፣ ማለትም ማርሹ ሳይጮኽ እንዲገባ ዙሩን የሚያስተካክለው ቀለበት፣ አልቋል። የመጀመሪያው በገመድ ማስተካከል ወይም በትንሽ ፖምፓ ሊድን የሚችል ነው፤ ለእሱ ሲባል ካምቢዮ አይገዛም።

ዘይቱም እዚሁ ይገባል። ሙቀት አገር ነውና ወፍራም ዘይት ይደረግ የሚል አለ። ወፍራም ዘይት ሲንክሮው ማርሹን ቶሎ እንዳያቆመው ያደርጋል፤ ጠዋት ጠዋት ማርሽ እምቢ ይላል። ለዲፈረንሺያል የሚሸጠው ጂኤል-5 የሚባለው ዘይት ደግሞ የጂኤል-4ን ሁለት እጥፍ ገደማ ቅመም አለው፤ ቅመሙ ዓይነቱን እየተከተለ የሲንክሮውን ናስ ሊጎዳ ይችላል። ፋብሪካው ጂኤል-4 ብቻ ካለ ጂኤል-4 ነው። አንዳንዱ ቲ5 ጭራሽ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀይ ዘይት ነው የሚጠጣው፤ ወፍራም የሞላበት ሰው ራሱ ገዳዩ ነው።

ሀዋታ ሆኖ ከገዳሪፍ፣ ወይም መተማ ሆኖ ከሶማሌ ተራ በስልክ ለሚገዛ ሰው እንግዲህ የሚላከው የመኪናው ስም አይደለም። የሳህኑ ፎቶ፣ የሞተሩ ኮድ፣ ከሜትር ጋር ጎን ለጎን የተነሳ የአሮጌው ካምቢዮ ፎቶ ከፊትና ከጎን፣ የመግቢያ ዘንጉ የጥርስ ብዛትና ውፍረት፣ ከደወሉ ፊት እስከ መውጫው ጫፍ ያለው ርዝመት፣ ከደወሉ እስከ ዱላው ያለው ርቀት። ወረቀት በደወሉ ፊት ላይ ተዘርግቶ በእርሳስ ከታሸ የቡሎኖቹ ቀዳዳዎች በትክክለኛ መጠናቸው ይወጣሉ፤ ያንን ወረቀት ዕቃ ለሚያመጣው ሾፌር ሰጥቶ መላክ ይቻላል። ሻጩም ዘንጉ ላይ ያለውን ጥርስ ቆጥሮ፣ አንደኛም ሁለተኛም ማርሽ እያስገባ አሥር አሥር ዙር አዙሮ፣ ቁጥሮቹን እንዲነግር ይጠየቅ። ገንዘቡ የሚላከው ቁጥሮቹ ከአሮጌው ጋር ሲገጥሙ፣ ሸራው አልንሸራተት ካለም ካምቢዮው እንደሚመለስ ስምምነት ሲኖር ነው።